የኢያቄም ሸለቆ፤ ከሞጣ ገበያ እስከ ብር ማዕድኑ ከተማ

በሞጣና በብቸና አገር ያደግን ተማሪዎች ጠገራ ብርን ያወቅነው በገበያ ሳይሆን በሴት አያቶቻችን አንገት ላይ ነው። ማንጠልጠያ ተበይዶለት፤ ከመስቀሉና ከድሪው ጋር ተሰክቶ፤ በበዓል ቀን ይወጣል፤ በዓሉም ሲያልፍ ወደ ሙዳዩ ይመለሳል። በአንድ ፊቱ ሻሽ የጣለች ደልዳላ ሴት፤ በሌላው ፊቱ ባለ ሁለት ራስ ንስር ይታያል። ሴትዮዋ ማን እንደ ሆነች ሽማግሌዎችን ብንጠይቅ ንግሥት መሆኗን ይነግሩናል፤ የማን አገር ንግሥት እንደ ሆነች ግን መልሱ እንደ መላሹ ይለያያል። ከዚያ አልፎ ብሩ ከየትኛው መሬት እንደ ተቆፈረ የጠየቀ ሰው አላጋጠመንም።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህን የተተወ ጥያቄ አንሥቶ የገንዘቡን ስም እስከ ተወለደበት የማዕድን ከተማ ድረስ ተከትሎ መሄድ ነው። ለተማሪዎች ስብሰባ ወደ ፕራግ የሄድን ሦስት የታሪክ ተማሪዎች፤ ስብሰባው ካበቃ በኋላ ሁለት ቀን ስለ ተረፈን፤ ከተማውን በዓይናችን ለመመልከት ችለናል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት፤ ሌላ ካላልን በቀር፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከተማው በቼክ ቋንቋ ያሒሞቭ ይባላል፤ የቀድሞው የጀርመንኛ ስሙ ዮአኪምስታል ነው። ትርጓሜውም የዮአኪም ሸለቆ ማለት ነው። ዮአኪም ደግሞ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም፤ የእመቤታችን አባት፤ የሐና ባል፤ በግዕዙ ኢያቄም የምንለው ነው። እንግዲህ የሞጣ ካህን በስም የሚያውቀው ኢያቄም፤ በዚያ በሩቅ አገር የብር ጉድጓድ ጠባቂ ተደርጎ ቆይቷል ማለት ነው። ይህን ስናውቅ ጥቂት መደነቃችንን አንክድም።

ከካርሎቪ ቫሪ ከተማ በአውቶቡስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ መንገዱ ወደ ጠባብ ሸለቆ ይገባል። ከተማው በሸለቆው ውስጥ ከታች ወደ ላይ በአንድ ረጅም ጎዳና የተዘረጋ ነው፤ ለጎን መንገድ የሚሆን ስፍራ የለውም ለማለት ይቻላል። ተራሮቹን የአገሩ ሰዎች የማዕድን ተራሮች ይሏቸዋል። ስለ ተራራነታቸው ግን የጎጃም ሰው የሚለው ይኖረዋል። ከሁሉ ከፍተኛ የሆነው ክሊኖቬትስ የተባለው ጫፍ 1,244 ሜትር ነው፤ ይህም በደጀን በኩል የዓባይ ድልድይ ከተሠራበት ከበረሃው ወለል የሚበልጠው በሁለት መቶ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሞጣ ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል፤ ጮቄ ከ4,000 ይበልጣል። ይሁን እንጂ የብርዱንና የጥዱን ነገር ላየ ሰው ያ አገር ደጋ ነው፤ እኛም ጋቢያችንን በናፍቆት አስታውሰናል።

በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዚህ ሸለቆ የነበረው አንድ የተተወ መንደር ብቻ ነበር። በ1510ዎቹ ዓመታት የብር ደም ሥር በድንጋዩ ውስጥ ተገኘ፤ በ1516 እስቴፋን ሽሊክ የተባለው የአገሩ ባላባት ከተማውን ቈረቈረ። ከሳክሶኒና ከሌሎች የጀርመን አገሮች ቆፋሪው፤ አቅላጩ፤ አናጢው፤ ነጋዴው ጎረፈ። በ1530ዎቹ ዓመታት የሕዝቡ ቁጥር ወደ 18,000 ደርሶ በቦሔሚያ ግዛት ከፕራግ ቀጥሎ ሁለተኛው ከተማ ሆነ። ዛሬ ነዋሪው ከ3,000 በታች ነው። በጎዳናው ላይ ስንወጣ አያሌ ትልልቅ ቤቶች መስኮታቸው ተዘግቶ አይተናል፤ ሸለቆው የተሠራው ዛሬ ላለው ሕዝብ እንዳልሆነ ማንም መንገደኛ ይረዳዋል።

ሽሊኮች ብሩን በጥሬው ከመሸጥ ይልቅ ገንዘብ አድርገው መምታት የበለጠ ትርፍ እንዳለው ስላወቁ በ1520 የቦሔሚያ ሸንጎ ፈቃዱን ሰጣቸው። የመቱትም ገንዘብ ትልቅና ወፍራም ነበር፤ በአንድ ወገን የቅዱስ ኢያቄም ሥዕል ከሽሊኮች ዓርማ ጋር፤ በሌላ ወገን የቦሔሚያ አንበሳ ነበረበት። ሰዎችም ‹‹ዮአኪምስታለር›› አሉት፤ የሸለቆው ብር ማለታቸው ነው። ስሙ ለገበያ አፍ ስለ ረዘመ ከፊቱ ተቆርጦ ‹‹ታለር›› ብቻ ቀረ። ከዚህም ቼኮች ‹‹ቶላር››፤ ኢጣልያኖች ‹‹ታሌሮ››፤ ሆላንዶች ‹‹ዳልደር››፤ እንግሊዞችም ‹‹ዶላር›› እያሉ እንደየአፋቸው ለወጡት። ዛሬ የዓለም ንግድ የሚቆጠርበት የአሜሪካ ገንዘብ ስሙን ያገኘው ከዚህ ሸለቆ ነው። የእኛም የኢትዮጵያ ብር እስከ 1976 ድረስ በእንግሊዝኛ ‹‹የኢትዮጵያ ዶላር›› ይባል እንደ ነበር ማስታወስ ያሻል።

ጌቶቹ ግን ብዙ አልቆዩበትም። እስቴፋን ሽሊክ በ1526 ከንጉሡ ጋር በሞሃች ጦርነት ከቱርኮች ጋር ሲዋጋ ሞተ፤ በ1528 አዲሱ ንጉሥ ፈርዲናንድ የገንዘብ መምቻውን ወስዶ የዘውድ አደረገው። መምቻ ቤቱ ዛሬም ቆሞ ቤተ መዘክር ሆኗል።

ስለ ቆፋሪዎቹ ኑሮ የታሪክ መጻሕፍት የሚሉት ስለ ጌቶቹ ከሚሉት ያነሰ ነው። በ1525 የጀርመን ገበሬዎች ባመፁበት ዓመት የዮአኪምስታል ቆፋሪዎችም ተነሥተው ጌቶቹን ለድርድር አስገድደዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ለከተማው ሐኪም ሆኖ የመጣው ጌዎርግ አግሪኮላ የተባለው ሊቅ ነበር። ስሙን እንደ ጊዜው ልማድ ወደ ላቲን መለሰው እንጂ የቤቱ ስም ባወር ነው፤ ሁለቱም ገበሬ ማለት ነው። ይህ ‹‹ገበሬ›› ወደ ጉድጓዱ እየወረደ፤ ቆፋሪውን እየጠየቀ፤ ማሽኖቹን እያሣለ ስለ ማዕድን ሥራ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አዘጋጀ፤ መጽሐፉም እርሱ ከሞተ ከአንድ ዓመት በኋላ በ1556 ታተመ። በሥዕሎቹ ውስጥ ውሃ የሚስቡ መንኰራኵሮች፤ በወናፍ የሚነፋ እሳት፤ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የማዕድኑን ድንጋይ የሚለቅሙ ሴቶች ይታያሉ። ሥዕሎቹን ስንመለከት ሴቶቹ ምስር የሚለቅሙ የአገራችን ሴቶች መሰሉን፤ አቀማመጣቸው አንድ ነው።

አግሪኮላ ቆፋሪዎች በሳንባቸው እየታመሙ በወጣትነታቸው እንደሚሞቱ ጽፏል። የአገሩ ሰዎች ይህን የተራራ በሽታ ይሉት ነበር። አቧራው ነው፤ ብርዱ ነው፤ ከመሬት በታች ያሉ መናፍስት ናቸው ተባለ። በ1879 ሁለት ሐኪሞች ከተራራው ማዶ በሳክሶኒ ወገን በምትገኘው በሽኔበርግ የሚሞቱትን ቆፋሪዎች መርምረው በሽታው የሳንባ ነቀርሳ መሆኑን አስታወቁ፤ ምክንያቱ ከድንጋዩ የሚወጣ ራዶን የተባለ የማይታይና የማይሸት አየር መሆኑ የታወቀው ግን ከዚያም በኋላ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ ታለሮች ጀምሮ ብሩን የሚያወጣው ሰው የሚተነፍሰው አየር ራሱ ይገድለው ነበር፤ ይህንንም የሚያውቅ በዓለም ላይ ማንም አልነበረም።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ለተማርነው አንድ ሌላ ነገር ደስ አሰኝቶናል። የማርቲን ሉተር ተማሪ የነበረው ዮሐንስ ማቴሲዩስ በዚህ ከተማ በፊት የትምህርት ቤት መምህር፤ በኋላም ቄስ ሆኖ እስከ ሞቱ እስከ 1565 ኖሯል። ለቆፋሪዎቹ በሥራቸው ቋንቋ፤ በብርና በእርሳስ፤ በምድጃና በመዶሻ ምሳሌ እየሰጠ ይሰብክ ነበር፤ ስብከቱም በ1562 ታትሟል። ከመቶ ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ የሃይማኖት ጦርነት ሲመጣ የእርሱ ምእመናን ልጆች ብዙዎቹ ድንበሩን ተሻግረው ተሰደዱ። በዚያን ጊዜ ብሩም አልቆ ነበር። ከላይ ያለው ሀብታም ደም ሥር ተቆፍሮ ካለቀ በኋላ ጉድጓዱ እየጠለቀ፤ ውሃው እየበዛ፤ ወጪው እየከበደ ሄደ። በዚያም ላይ በ1545 በደቡብ አሜሪካ የፖቶሲ ተራራ ብር ተገኝቶ ወደ አውሮፓ ሲፈስ የብር ዋጋ ወደቀ። በ1671 የዮአኪምስታል መምቻ ቤት ተዘጋ።

እዚህ ላይ አንባቢው አንድ ነገር እንዲያስተውል እንለምናለን። በአያቶቻችን አንገት ላይ ያለው ጠገራ በዚህ ሸለቆ የተቆፈረ ነው ብለው የሚናገሩ አሉ፤ ለጆሮ የሚጥም ታሪክ ነው፤ እውነት ግን አይደለም። ማርያ ቴሬዛ የነገሠችው ከ1740 እስከ 1780 ነው፤ እርሷ ስትነግሥ የሸለቆው መምቻ ከተዘጋ ሰባ ዓመት ያህል ሆኖት ነበር። የእርሷ ብር የተመታው በጒንትስቡርግ፤ በቪየና፤ በፕራግ፤ በክሬምኒትስና በሌሎችም ስፍራዎች ሲሆን ጥሬ ብሩ ከብዙ አገር ተሰብስቦ የሚቀልጥ ነበር። ሸለቆው የሰጠን ስሙንና ልማዱን፤ ማለትም ክብደቱ የታወቀ ትልቅ ነጭ ብር በእጅ ለእጅ የሚያልፍበትን ሥርዓት ነው። ከዚህ አስበልጦ መናገር ለታሪክ ተማሪ አይገባውም።

ማርያ ቴሬዛ በ1780 ስትሞት በቀይ ባሕር ዙሪያ ያሉ ነጋዴዎች ከእርሷ መልክ በቀር ሌላ አንቀበልም አሉ። ስለዚህ የኦስትሪያ መንግሥት ዓመተ ምሕረቱን ሳይለውጥ፤ ሁልጊዜ 1780 እያለ፤ መምታቱን ቀጠለ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል፤ ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው። የየመንን ቡና ለመግዛት ወደ ዓረብ አገር የሄደው ብር ባሕሩን ተሻግሮ በምጽዋ በኩል ወደ ጎንደር፤ ከዚያም ወደ ጎጃም ገበያዎች ገባ። ነጋዴውም ገበሬውም ብሩን ሳይመረምር አይቀበልም ነበር፤ በንግሥቲቱ ዘውድ ላይ ያሉትን ዕንቍዎች፤ በትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ነጥቦች ይቆጥራል፤ ያረጀውንና ነጥቡ የጠፋውን ይመልሳል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነጥብ ይቆጥር ነበር። አንዳንድ አውሮፓውያን ተጓዦች በዚህ ልማድ ሲያፌዙ እናነባለን፤ እኛ ግን የሚያፌዙበት ምክንያት አይታየንም፤ ዛሬ የባንክ ሠራተኛ የወረቀት ገንዘብ ወደ ብርሃን አንሥቶ የሚመለከተው ለዚያው ጉዳይ ነውና።

ጠገራ ወደ ደጋው ከመምጣቱ በፊት ጎጃም የሚገበያየው በሌላ የማዕድን ፍሬ ነበር፤ እርሱም አሞሌ ነው። አስገራሚ ሆኖ ያገኘነው የዓመቱ መገጣጠም ነው። የቦሔሚያ ሸንጎ ለሽሊኮች ፈቃድ በሰጠበት በዚያው በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ምጽዋ ወረዱ፤ ከእነርሱም ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአገራችን ጨው ተቆርጦ እንደ ገንዘብ እንደሚያገለግል፤ ከሚወጣበትም ስፍራ በራቀ ቍጥር ዋጋው እንደሚወደድ ጻፈ። ሁለት የማዕድን ገንዘቦች እንዲህ በጽሑፍ ታዩ፤ አንዱ ከተራራ ሆድ የወጣ፤ አንዱ ከባሕር ጠለል በታች ካለው ከአፋር ሜዳ የተቆረጠ። አሞሌው በግመልና በአህያ ዳገቱን ወጥቶ፤ በገበያ ላይ ገበያ አልፎ፤ እንዳይሰበር በልጥ ታስሮ፤ ዓባይን ተሻግሮ እስኪመጣ ድረስ ብዙ ቀረጥ ስለ ከፈለ በሞጣና በብቸና ዋጋው ከትግራይ ይልቅ የከበደ ነበር። ጠገራ ሲመጣም አሞሌን አላጠፋውም፤ አሞሌው ዝርዝር ሆነ፤ ጠገራው ድፍን ብር ሆነ። ትልቁን ነገር፤ በሬውን፤ በቅሎውን፤ ጠመንጃውን፤ ጥሎሹን ብሩ ገዛ፤ በርበሬና ጥጥ ደግሞ በጨው ተገዛ። ‹‹በሰማንያ›› የሚባለው የጋብቻችን ሥርዓት እንኳ ስሙን ያገኘው ለውሉ ዋስትና ከተቈረጠ ከሰማንያ ብር ነው ይባላል።

ነገር ግን ብሩ ወደ እኛ የመጣው በነጻ አልነበረም። ያ ብር የተከፈለው ለዝባድ፤ ለዝሆን ጥርስ፤ ለወርቅ፤ ለቡናና ለሰው ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ከዓባይ ማዶ የመጡ ባሮች በጎጃም በባሶ ገበያ ከወርቁና ከዝባዱ አጠገብ ይሸጡ ነበር። ይህን ለመጻፍ እጃችን አይወድም፤ ነገር ግን በአያቶቻችን አንገት ያለው ብር ከዚያ ገበያ ያለፈ ሊሆን ስለሚችል ዝም ብለን አናልፈውም። በሸለቆው ቆፋሪው በሳንባው ከፈለ፤ በባሶም ሰው በራሱ ተከፈለ።

የመንግሥታትም ጦርነት በዚሁ ብር ተመዝኗል። በ1867 እንግሊዞች በአጼ ቴዎድሮስ ላይ ሲዘምቱ በአገራችን ሌላ ገንዘብ እንደማይሠራ ስላወቁ ከአራት ሚሊዮን በላይ የማርያ ቴሬዛ ብር በቪየና አስመትተዋል፤ እህሉንና አጋሰሱን የገዙት በዚህ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ከ1894 ጀምሮ የራሳቸውን መልክ የያዘ ብር በፓሪስ ቢያስመቱም የገጠሩ ሰው ከሻሿ ሴት አልተለየም። በ1935 ኢጣልያ ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ የብሩን መምቻ መልክ ከኦስትሪያ ወስዳ በሮም በሚሊዮን የሚቆጠር አዲስ ጠገራ መታች፤ በላዩም እንደ ቀድሞው 1780 ተጻፈበት። በ1940 ደግሞ ኮሎኔል ሳንድፎርድ ወደ ጎጃም ሲገባ፤ በኋላም ንጉሠ ነገሥቱ ተከትለው ሲመጡ፤ በግመልና በበቅሎ ከተጫነው ጭነት መካከል የማርያ ቴሬዛ ብር ነበር፤ እንግሊዞች በቦምቤይ አስመትተውታልና። እንግዲህ በጎጃም በረሃ ባንዳም አርበኛም የአንዲቱን የሞተች ንግሥት መልክ በመቀነቱ ቋጥሮ ተዋግቷል ማለት ነው። በ1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ሕዝቡ ወረቀቱን እንዲያምን ከዝርዝሩ መካከል አምሳ ሳንቲሙ ከብር ተሠራ፤ ጠገራውም ቀስ በቀስ ከገበያ ወደ አንጥረኛ ቤት ወረደ።

ስለ ግብርም አንድ ቃል እንጨምራለን። በ1968 ሞጣና ብቸና በእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ላይ ሲነሡ ዋናው ፍርሃት መሬቱ ተለክቶ ርስቱ ይወሰዳል የሚል እንደ ነበር ብዙ ተጽፏል። ከዚህ ጋር ግን ግብሩ በጥሬ ገንዘብ የሚጠየቅ መሆኑን አብረን ማየት ይገባናል፤ ጥሬ ገንዘብ የማይበቅልበት አገር ገበሬ ብሩን ለማግኘት እህሉን መጀመሪያ በነጋዴው ዋጋ መሸጥ አለበትና። አውሮፕላን እስከ መላክ ከተደረሰ በኋላ መንግሥቱ ውዝፉን ግብር ማረ፤ የጠቅላይ ግዛቱንም ገዥ አነሣ። የ1525ቱን የቆፋሪዎች ዐመፅ ስናነብ ይህ ትዝ ብሎናል፤ ሁለቱን አንድ ናቸው ለማለት ግን አይደለም።

በሞጣ ከተማ ያነጋገርናቸው አንድ አንጥረኛ፤ አባታቸው ጠገራውን እያቀለጡ መስቀልና አልቦ ይሠሩ እንደ ነበር፤ እርሳቸው ግን ድፍኑ ከሥራው ይልቅ ስለሚወደድ ማቅለጡን እንደ ተዉት ነግረውናል። ብሩን በጥፍራቸው ነክተው በድምፁ ይለዩታል። የሮሙን ከቪየናው ይለዩ እንደ ሆነ ጠይቀናቸው ‹‹ለእኔ ሁሉም ጠገራ ነው›› ብለው ስቀውብናል።

አሁን ወደ ሸለቆው እንመለስ፤ ታሪኩ በብሩ አላበቃምና። ቆፋሪዎቹ ብር ሲፈልጉ አንድ ጥቁርና ከባድ ድንጋይ ያገኙ ነበር፤ እርሱ ሲመጣ ብሩ ያልቃል ብለው ስለሚያምኑ የዕድለ ቢስ ድንጋይ አድርገው ይጥሉት ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መካከል ከዚህ ድንጋይ ለብርጭቆ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም መሥራት ተጀመረ። ከቀለሙ ፋብሪካ የተጣለውን ጕድፍ በጆንያ እያስመጡ ማሪ ኩሪና ባለቤቷ በፓሪስ መረመሩት፤ በ1898 ራዲየምን መኖሩን አስታወቁ፤ በ1902 ከብዙ ኩንታል ድንጋይ የአንድ ግራም አሥረኛ ያህል የራዲየም ጨው አወጡ። ከአራት መቶ ዓመት በፊት የተጣለው ድንጋይ በዓለም ከወርቅ ሁሉ የተወደደ ሆነ። በ1906 ከማዕድኑ በሚወጣው ውሃ የሚታጠቡበት የሕክምና ቤት ተከፈተ፤ በ1912ም ታላቁ የራዲየም ቤተ መንግሥት የተባለው ሆቴል ተሠራ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሆነው ግን የሚዘገንን ነው። በ1938 አገሩ ወደ ሒትለር ጀርመን ተቀላቅሎ ነበር፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ለአራት መቶ ዓመት የቆየው ጀርመንኛ ተናጋሪ ሕዝብ ተባረረ። በኅዳር 1945 የቼኮስሎቫኪያ መንግሥት ዩራኒየሙን ለሶቪየት ኅብረት ለመስጠት ተዋዋለ። ቆፋሪ ስለሌለ መጀመሪያ የጦር ምርኮኞች፤ ከ1949 እስከ 1961 ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ እስረኞች፤ አብዛኞቹ በፖለቲካ የተፈረደባቸው፤ በጉድጓዶቹ ዙሪያ በተሠሩ የእንጨት ካምፖች ታጎሩ። ከመካከላቸው ገበሬ ነበር፤ ቄስ ነበር፤ እንደ እኛ ያለ ተማሪም ነበር። ካምፖቹን ‹‹እኩልነት››፤ ‹‹ወንድማማችነት››፤ ‹‹ስምምነት›› ይሏቸው ነበር፤ የጉድጓዶቹ ስም ስለ ሆነ ነው። ከከተማው ወረድ ብሎ እስከ ዛሬ የቆመ አንድ የቀይ ጡብ ግንብ አለ፤ ማዕድኑ የሚፈጭበትና በበርሜል የሚሞላበት ነበር፤ በዚያ የሠሩ እስረኞች አቧራውን ያለ መሸፈኛ ይተነፍሱት ስለ ነበር የሞት ግንብ ተባለ። የዩራኒየሙ ሥራ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተዘጋ። በ2019 ዩኔስኮ የተራራውን ሁለቱን ወገን፤ የቼኩንም የሳክሶኒውንም፤ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ይህን ግንብ አብሮ መዝግቦታል፤ ትክክል አድርጓል እንላለን።

ለጐብኚ በተከፈተው አንደኛው ዋሻ ገብተን ነበር። መግቢያው ዝቅ ያለ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይነካል፤ ውሃ ከላይ ይንጠባጠባል። አስጐብኚው የእጅ ባትሪያቸውን ሲያጠፉ ያየነው ጨለማ በአገራችን የሌሊት ጨለማ አይመሰልም፤ ዓይን ቢለምደውም የሚያየው ነገር የለምና። ከተማው ሲቈረቈር የተከፈተው ‹‹ስምምነት›› የተባለው ጉድጓድ ግን እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ከ500 ሜትር ጥልቀት ራዶን ያለበትን ሙቅ ውሃ እየሳበ ለሕክምና ቤቱ ይሰጣል። በሽተኞች ለመገጣጠሚያቸው ሕመም ይታጠቡበታል። ሐኪሞቹ ነገሩ የመጠን ነው ይላሉ፤ እኛም ሐኪም ስላልሆንን ከመከራከር ተቆጥበናል፤ አልታጠብንምም።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው የሩቅ አገር ወሬ ለማብዛት አይደለም። በራሳችን አገር፤ በወሎ ደጋ፤ በደላንታ ገደል ውስጥ ከ2008 ወዲህ ኦፓል የተባለ የከበረ ድንጋይ ይቆፈራል፤ የወገል ጤና ከተማም በእርሱ ስሟ በዓለም ገበያ ታውቋል። ወጣቶች በገመድ ወደ ገደሉ ወርደው፤ ያለ ድጋፍ እንጨት፤ በመጥረቢያና በዶማ ጠባብ ዋሻ እየፈለፈሉ ይገባሉ። በ2016 ዓመተ ምሕረት በእኛ አቆጣጠር ጥር ሲያልቅ አንዱ ዋሻ ተደርምሶ ቆፋሪዎች ከውስጥ ቀርተዋል፤ ወገኖቻቸውም በእጅ መሣሪያ ሲቆፍሩ ሰነበቱ። አግሪኮላ ከ450 ዓመት በፊት ዋሻ በእንጨት እንዴት እንደሚደገፍ፤ አየር እንዴት እንደሚገባ በሥዕል አሳይቷል። የኦፓሉን ዋጋ በዝርዝር የሚናገር ብዙ ነው፤ በዚያ ገደል እነማን እንደ ሠሩ፤ እነማን እንደ ሞቱ፤ ስንት ብር እንደ ደረሳቸው የሚመዘግብ የታሪክ ተማሪ ግን ዛሬውኑ ያስፈልጋል፤ የዮአኪምስታል የመጀመሪያ ቆፋሪዎች ስም የጠፋው የሚጽፍ ሰው በከተማው ስላልነበረ አይደለም፤ ጸሐፊዎቹ የሚቆጥሩት ብሩን ስለ ነበር ነው።

ለእኛ ለሞጣና ለብቸና ልጆች ደግሞ ቀላልና ቅርብ የሆነ ሥራ አለን። ጠገራ ሁሉ 1780 የሚል ቢሆንም የተመታበት ስፍራ በንስሩ ጅራት ላባዎችና በትከሻው ጌጥ ነጥቦች ልዩነት ይታወቃል። በየቤቱ ያሉት ብሮች የትኞቹ የቪየና፤ የትኞቹ የሮም፤ የትኞቹ የቦምቤይ እንደ ሆኑ ቢመዘገብ ገንዘቡ ወደ ምሥራቅ ጎጃም በብዛት የገባው በቅፍለት ነጋዴዎች ዘመን ወይም በአምስቱ ዓመት ጦርነት መሆኑን ለመገመት ይረዳል። በመጪው ዕረፍት ሚዛንና ማጕሊያ መነጽር ይዘን፤ ባለቤቶቹን አስፈቅደን፤ ብሩን ከአንገታቸው ሳናወርድ መቁጠር እንጀምራለን፤ የሁለት እጁ እነሴና የእነማይ ተማሪዎችም እንዲተባበሩን እንጠይቃለን።